ዘጠና ዘጠኝ በመቶ የሞላው ሰርቨር

ቁጥር ሁሉ ከፍ ሲል ደስ ይበላችሁ ብሎ ያስተማረን ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ዛሬውኑ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጠይቀው ነበር። እናንተም ይህ በሽታ አለባችሁ፤ አትቆጡኝ። አንድ ሰው መጥቶ «ዘጠና አራት በመቶ» ቢላችሁ፣ የምኑ ዘጠና አራት እንደሆነ ሳትጠይቁ ፊታችሁ ይፈታል። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣ ቁጥር ከሆነ እሰየው ነው። ግን በነሐሴ ወር ወደ ባሮ ዳር ውረዱና «ወንዙ ዘጠና አራት በመቶ ሞልቷል» በሉ እስቲ! ማንም አያጨበጭብላችሁም። ሰዉ ፍየሉንና ፍራሹን ይዞ ወደ ከፍታው ይወጣል። የወንዝ ዳር ሰው የሚሞላው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያየው።

ይህን ሁሉ የምለው ደሜ ስለፈላ ነው። ነገሩ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ደሜ ግን አልበረደም።

ያን ጊዜ ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም አልቆየችም። ግማሾቹ ቢሮዎች ቀለማቸው ገና አልደረቀም፤ ግማሾቹ ደግሞ ከድሮ የተወረሱና የሌሊት ወፍ ያደረባቸው ነበሩ። ማህተምና የሪፖርት ቅጽ ግን ለሁላችንም ተሟልቶልን ነበር። እኔ ከመቱ ወርጄ የመምህራንን ጉዳይ በሚይዝ አንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ባለሙያ ያሰኘኝ ዋናው ነገር ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠራ ሌላ ሰው አለመኖሩ ነው።

ሰርቨራችን በአይሱዙ ተጭኖ፣ የጎሬን ቁልቁለት እየተንገጫገጨ ወርዶ የመጣ ትልቅ ጥቁር ሣጥን ነው። የጠመኔ ካርቶን ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ክፍል ተሰጠችው። ለእኔም አብራ ተሰጠችኝ፤ ደግነቱ ቬንትሌተር ነበራት። የመምህራንን መዝገብ የሚይዘውን ፕሮግራም የጫነልን ከአዲስ አበባ የመጣ አማካሪ ነው። ሦስት ቀን ቆየ፣ የባሮን ዓሣ አሞገሰ፣ «አስተማማኝ ሥራ ነው» አለና ተሳፈረ።

አስተማማኝ አልነበረም። ነገሩን ሳላወሳስብ ልንገራችሁ። የኮምፒውተር ሜሞሪ ማለት ሥራ የምትሠሩበት ጠረጴዛ ማለት ነው። ፋይል ከመደርደሪያ ታወጣላችሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋላችሁ፣ ስትጨርሱ ትመልሳላችሁ። የአማካሪው ፕሮግራም ማውጣትና መዘርጋት እንጂ መመለስ አያውቅም። ስለዚህ ጠረጴዛው ቀስ በቀስ ይሞላል፤ ጢም ሲል ሰርቨሩ ደርቆ ይቀራል፤ በዚያ ሰዓት እየተጻፈ የነበረውንም ሁሉ ውሃ ይበላዋል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ አጥፍቶ ማስነሳት። ጠረጴዛው ይጸዳል፣ ሥራ ይቀጥላል።

መጀመሪያ ላይ ይህን ጉድ ማንም አላወቀውም። ለምን በሉኝ። መብራት በቀን ሁለት ጊዜ ይጠፋ ስለነበረ ነዋ! የከተማው መብራት ሳያስበው ሰርቨሩን ያክምልን ነበር። በኋላ ቢሮው ጄኔሬተር ተገዛለት፤ መብራት አልጠፋ አለ፤ ሰርቨሩ ታመመ። ጠረጴዛው በአምስትና በስድስት ቀን ውስጥ ጢም ይል ጀመር። እድገት መጣና አጠፋን ብል ማን ያምነኛል?

ሰርቨሩን የሚቆጣጠር አንድ ፕሮግራም አብሮ መጥቶ ነበር። እሱ የሚያውቀው ሣጥኑ በሕይወት መኖሩንና መደርደሪያው መሙላቱን ብቻ ነው፤ ስለ ጠረጴዛው ግድ የለውም። መመሪያውን ሳገላብጥ መጨረሻው ላይ አንዲት ምዕራፍ አገኘሁ፦ ከፈለጋችሁ የራሳችሁን ፕለጊን ጽፋችሁ ቀጥሉበት ትላለች። ፕለጊን ማለት እንግዲህ በትልቁ ፕሮግራም ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ፕሮግራም ናት፤ የምትጠየቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለክታ ቁጥሩን መናገር። እኛ ጋምቤላ በሙቀቱ ምክንያት ጠዋት አንድ ሰዓት ገብተን አምስት ተኩል ላይ እንበተናለን፤ የምንመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ እኔ ቬንትሌተሬ ሥር ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

የመጀመሪያዋ ፕለጊኔ ውሸታም ነበረች። ሰርቨሩ ለጊዜው ተውሶ የያዘውን፣ ሲጠየቅ የሚመልሰውን ቦታ ሁሉ ተበላ ብላ ቆጠረች፤ ገና በማለዳው ጠፋን እያለች ትጮህ ጀመር። አረምኳት። ሁለተኛዋ እውነት ተናገረች፤ ግን በየደቂቃው እየለካች ራሷ ጠረጴዛውን ትበላው ገባች። ዘበኛው ከሚጠብቀው ማሳ በቆሎ ሲቆርጥ ያዝኩት ማለት ነው። ሦስተኛዋን በየአምስት ደቂቃው እንድትለካ፣ ስትጨርስ የወሰደችውን እንድትመልስ አድርጌ ጻፍኳት። ሁለት ሳምንት ፈጀችብኝ። ስትሠራልኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ የሚሰማኝ ጠመኔው ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ማን ያያታል የሚል ጥያቄ መጣ። የሰርቨሩን ስክሪን ከእኔ በቀር የሚያየው የለም፤ እኔም ወረዳ እወጣለሁ። ስለዚህ ሜሞሪው ዘጠና በመቶ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያው በጸሐፊያችን በአጁሉ ፕሪንተር ላይ እንዲወጣ አደረግሁ። ያ ፕሪንተር ሲሠራ ጩኸቱ ግቢውን ሁሉ ይረብሻል፤ ማንም አልሰማሁም ሊል አይችልም ብዬ ነው።

አጁሉ የከተማው ተወላጅ አኙዋክ ናት፤ የእሑድ መዘምራንን የምትመራ፣ ከቢሮው ሠራተኛ ሁሉ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት። ፊደል አትገድፍም፤ ወረቀትም አትጥልም። ፕሪንተሯ «የሜሞሪ አጠቃቀም፦ 92 በመቶ» ብሎ ሲያወጣ አንብባ፣ በስታ፣ ፋይል ውስጥ ታስገባዋለች። በሳምንቱ መጥቼ «አጁሉ፣ ማስጠንቀቂያው አልወጣም እንዴ?» አልኳት።

«ወጥቷል። አስራ አንድ ጊዜ ወጥቷል።»

«ታዲያ የት አለ?»

«ፋይል ውስጥ። በመቶ የሚል ወረቀት አፈጻጸም ፋይል ይገባል። እዚህ ሁሌ እንደዚህ ነው።»

በእሷ አልፈርድም፤ ትክክል ናት። እዚያ ቢሮ በመቶ የሚል ወረቀት ሁሉ የሥራ አፈጻጸም ነበር። የአፈጻጸም ፋይሉ ደግሞ የሚሄደው ወደ ዕቅድ ክፍል ኃላፊው ወደ አቶ ታደለ ነው። አቶ ታደለ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሰው ሲሞትበት ቀድመው ደርሰው ድንኳን የሚተክሉ ናቸው። ነገር ግን ሦስት ወር በመጣ ቁጥር ከላይ ሪፖርት ይጠየቃሉ፤ ሪፖርቱ ደግሞ ቁጥር ይፈልጋል። ፋይሉን ከፈቱ። ፕለጊኗ ከዘጠና በታች ሲሆን ዝም ስለምትል ፋይሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ከዘጠና በላይ ነው። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

በሩብ ዓመቱ ስብሰባ ላይ ቆመው አነበቡት። «የኮምፒውተር ሀብት አጠቃቀም፣ ዘጠና አራት በመቶ ደርሷል።» አዳራሹ አጨበጨበ። የቢሮ ኃላፊው ወደ እኔ ዞረው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁልኝ። እጄን አውጥቼ ይሄ እኮ በሽታ ነው ልል ስነሳ ጎኔ የተቀመጠው ሰው እጄን ጎትቶ አስቀመጠኝ፤ ልመሰገን የተነሳሁ መስሎት ነው።

ከስብሰባው በኋላ አቶ ታደለ ቢሮ ገብቼ ስለ ጠረጴዛው አስረዳሁ። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። በማግስቱ ጠዋት እኔ ሰርቨሩን አጥፍቼ ካስነሳሁት በኋላ ኃላፊውን ይዘው ዘጠና አራቱን ሊያሳዩ መጡ። ስክሪኑ ሠላሳ አንድ ይላል። የአቶ ታደለን ፊት አልረሳውም። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ ከዕቅድ ክፍል ፈቃድ ውጭ ሰርቨሩን ማጥፋትም ሆነ ማስነሳት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እናሳውቃለን። ፈርሜ ተቀበልኩ። አንዱ ኮፒ የሰርቨሩ ክፍል በር ላይ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ ደርቆ ሲቆም ብቻ እያስፈቀድኩ አስነሳው ነበር።

እስከዚህ ድረስ ብትስቁ ይቅር እላችኋለሁ። እኔም እስቅ ነበር። መምህር ጋትሉዋክ እስኪመጣ።

ጋትሉዋክ የኑዌር ተወላጅ ነው፤ ከማታር፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ወረዳ፣ ሁለት ቀን በጀልባ ተጉዞ የግንቦት ማብቂያ ላይ ቢሯችን ደረሰ። ደረቱ ላይ በላስቲክ የጠቀለላቸው ዘጠኝ ቅጾች ይዟል። የእሱንና የስምንት ባልደረቦቹን፤ ክረምት ክረምት ኮሌጅ ገብተው ዲግሪ ለመማር የሚያመለክቱበት ቅጽ ነው። ወረዳው የሌሎቹን ወረዳዎች ያህል መንገድ ስለሌለው የእነሱ ቅጽ ሁልጊዜ መጨረሻ ይደርሳል።

«ሦስት ዓመት ጠየቅኩ» አለኝ፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «ሁለት ዓመት ስሜ የለም። መጀመሪያ ጀልባው ቆየ። ቀጥሎ ወረቀቱ ጠፋ አሉኝ። አሁን ራሴ ይዤ መጣሁ። ራሴ አየዋለሁ።»

የዝርዝሩ ነገር እንዲህ ነው። አጁሉ ስሞቹን ወረዳ በወረዳ ፕሮግራሙ ውስጥ ታስገባለች፤ አንዱ ወረዳ ሲያልቅ ይመዘገባል፣ ይታተማል። ሁሉም ሲያልቅ ማህተም ያርፍበታል፣ በፖስታ ታሽጎ ሐሙስ በሚነሳው አውሮፕላን አዲስ አበባ ይሄዳል። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ተቀባዮቹ በእጅ የተጻፈ ዝርዝር አይቀበሉም፣ ፋክስም አይቀበሉም። ረቡዕ ማታ ሌላው ወረዳ ሁሉ ታትሞ ተጠናቆ የቀረው የማታር ወረዳ ብቻ ነበር፤ አጁሉ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልትጀምረው ቀጠረች። ሁለት ሰዓት ቢፈጅባት ነው፤ የቢሮው መኪና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ፕለጊኗ ዘጠና ስድስት አለች። ወደ አቶ ታደለ ሮጥኩ።

«አቶ ታደለ፣ ዛሬ ማታ አጥፍቼ ላስነሳው። ነገ መሀል ላይ ይደርቅብናል።»

«ነገ ተቆጣጣሪዎች ከላይ እንደሚመጡ ረሳኸው? በሐሙሱ አውሮፕላን ነው የሚገቡት። ሠላሳ አንድ ላሳያቸው?»

«የማታር መምህራን ስም አልገባም እኮ።»

«ይገባል፤ ምን ቸገረው። ዘጠና ስድስት የቻለ ማሽን ዘጠኝ ሰው አያቅተውም።»

ይህችን አባባል ይዤ ወጣሁ። የሰርቨሩ ክፍል በር ላይ ያለችውን ደብዳቤ አየኋት፤ ፊርማዬ አለባት። ብቻዬን ነኝ። የሰርቨሩ ማጥፊያ ቁልፍ ከጣቴ አንድ ክንድ አይርቅም። አልተጫንኩትም። ገና የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም ነበርና ፈራሁ። በቃ፣ ፈራሁ። ስለ አቶ ታደለ ስጽፍ ይህን መደበቅ አልችልም።

ሐሙስ ጠዋት አጁሉ ጀመረች። ጋትሉዋክ አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ የእያንዳንዱን ሰው ስም ፊደል በፊደል እያየ። ስምንተኛው ሰው ላይ ሲደርሱ፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ ገደማ ይሆናል፣ ስክሪኑ ደረቀ። ፊደል ብትጫን የለም፤ ብትጠብቅ የለም። ወደ ሰርቨሩ ሮጥኩ። የእሱም ስክሪን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፕለጊኔ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል እላዩ ላይ ተሰቅሏል፦ 99።

አቶ ታደለ የእንግዶቹ አቀባበል ዝግጅት ስብሰባ ላይ ነበሩ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ሲወጡ ሦስት ሰዓት ሊሆን አስር ጉዳይ ነው።

«ቆሟል፤ ደርቋል» አልኳቸው።

«ስክሪኑ ላይ ስንት ይላል?»

«ዘጠና ዘጠኝ።»

«ታዲያ!» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «እንግዶቹ እስኪያዩት እንዳትነካው።»

«የማታር ዝርዝር ጠፍቷል እኮ ነው የምልዎት!»

«ያለው ይሂድ። እነሱ በሚቀጥለው ዓመት ቅድሚያ ይሰጣቸዋል።» የሌሎቹን ወረዳዎች ዝርዝር የያዘውን ፖስታ ይዘው መኪና ውስጥ ገቡ። ጋትሉዋክ ደጁ ላይ ቆሞ መኪናው አቧራውን እያስነሳ ሲሄድ አየ።

እንግዶቹ አምስት ሰዓት ላይ መጡ። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ገቡ፤ የሞተውን ሰርቨር አዩ፤ ዘጠና ዘጠኝ የሚለውን አዩ። አንደኛው ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ሌላኛው «ይበል የሚያሰኝ ነው» አለ። የቆመ ሰዓት ፊት ቆመው ሰዓቱ ልክ መሆኑን ያደነቁ ያህል ነው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሲወጡ አጥፍቼ አስነሳሁት። አውሮፕላኑ ከላያችን አልፎ ሄዷል።

ጋትሉዋክ ወዲያው መመለስ አልቻለም። ወደ ማታር የምትወርደው ጀልባ ጭነት እስኪሞላላት ትጠብቃለች፤ ጭነቱ የከድር ነው። ከድር ከወለጋ የመጣ፣ መሀል ከተማ ገበያው አጠገብ ሳሙናና ጨው የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው፤ ጋትሉዋክን ሱቁ ጓሮ ያሳደረው እሱ ነው። አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ገብቼ ሲያናግረው ሰማሁ። «መምህሬ፣ አንተ ኑዌርኛ ታውቃለህ፣ አማርኛ ታውቃለህ፣ ሂሳብ ታውቃለህ። ድንበሩ ላይ እንዳንተ ያለ ሰው አጥቻለሁ።» ጋትሉዋክ ፈገግ ብሎ «እኔ አስተማሪ ነኝ» አለው።

ሰኞ ከሥራ በኋላ ቬንትሌተሬ ሥር ተቀምጬ ፕለጊኔን ከፈትኩ። ልበቀል ነው የከፈትኳት፤ እውነቱን ልናገር። ልሰርዛት ነበር። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የተሞላውን ከመናገር የተረፈውን ብትናገርስ? ከመቶ ቀንሺው፤ በቃ። አንድ መስመር። ማስጠንቀቂያውም «ነፃ ሜሞሪ» ብሎ ከአስር በመቶ ሲወርድ እንዲታተም አደረግሁ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ረቡዕ ጠዋት ጋትሉዋክ ዘጠኙን ቅጾች ከአጁሉ ሊረከብ መጥቶ እያለ ፕሪንተሩ ጮኸ። «ነፃ ሜሞሪ፦ 7 በመቶ።» አጁሉ በሳችና አፈጻጸም ፋይል ውስጥ አስገባችው፤ ፋይሉን ይዛ ገባች። አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ አቶ ታደለ ጫማቸውን በወጉ ሳያጠልቁ እየሮጡ ብቅ አሉ። ሲሮጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሰባት በመቶ ምንድን ነው? ምን ነካህ አንተ? ዘጠና ዘጠኝ አልነበርንም?»

«አጥፍቼ ካስነሳሁት ወደ ሰባ ይጠጋል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ! አሁኑኑ! ደብዳቤ ነው የምትጠብቀው?»

አጠፋሁት፤ አስነሳሁት። ስልሳ ዘጠኝ አለ። አቶ ታደለ ላባቸውን ጠረጉ። በማግስቱ አዲስ ደብዳቤ ወጣ፤ ሰርቨሩ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያለማቋረጥ ጠፍቶ እንዲነሳ የሚያዝ። በሩ ላይ በአሮጌዋ ደብዳቤ ቦታ ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ያ ሣጥን አንድ ቀን አልደረቀም።

ጋትሉዋክ ይህን ሁሉ ቆሞ አይቷል። አቶ ታደለ ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ምን አደረግህ አሁን?»

«ከመቶ ቀነስኩት።»

«ያው ማሽን ነው?»

«ያው ነው።»

ቅጾቹን በላስቲኩ ጠቀለለ፤ ቀስ ብሎ፣ ጠርዙን እያስተካከለ። «ይሄን ባለፈው ረቡዕ ማድረግ ትችል ነበር?»

እችል ነበር። ለማሽኑ ሁለት ሳምንት አሰብኩ፤ ቁጥሩን ስለሚያነበው ሰው ሁለት ደቂቃ አላሰብኩም። «እችል ነበር፤ አልመጣልኝም» አልኩት። እጄን ጨበጠኝ። ተቆጥቶ እንኳ አልጨበጠኝም፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

በዓመቱ ሰርቨሩ እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር። የማታር ቅጾች በጊዜ ደረሱ፤ ይዞ የመጣው ግን አንድ የማላውቀው ወጣት መምህር ነው። ቆጠርኩ፤ ስምንት ናቸው።

«መምህር ጋትሉዋክስ?»

«እሱ ማስተማር ትቷል» አለኝ ወጣቱ። «ድንበር ላይ ሳሙና ይሸጣል። ለከድር። ጥሩ ነው ይላሉ።»

አጁሉ ስምንቱንም አስገባች፤ ዝርዝሩ ታተመ፣ ማህተም አረፈበት፣ በሐሙሱ አውሮፕላን ሄደ። በሩብ ዓመቱ ስብሰባ ላይ አቶ ታደለ ቆሙና ባለፈው ዓመት ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ቃል የተገባላቸው የማታር መምህራን ጉዳይ ምን ላይ እንደደረሰ አነበቡ። ከዘጠኙ ስምንቱ። መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ ወረቀታቸው ጠርዝ ላይ አካፈሉ፤ ፊታቸው በራ።

«ሰማንያ ዘጠኝ በመቶ» አሉ።

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጆቼን ሌላ የት እንደማደርጋቸው ጠፍቶኝ።